ሄድኩ አይባልም

ጉዞው የተበላሸው ገና ከቤት ሳይወጡ ነው፤ ባልየው ቀረ፣ እናቱ ተተኩ።

ሻንጣው ተዘግቶ በር ላይ ከቆመ በኋላ ነበር ለፕራሞድ ከመሥሪያ ቤት የተደወለለት። ስልኩን ዘጋና መጀመሪያ ሚስቱን ቻይትራን፣ ቀጥሎ እናቱን አየ።

"ክፍሉ ከሚባክን እማዬ ትሂድ" አለ፣ የተረፈ ሩዝ ለጎረቤት እንደሚያዳርስ ሰው።

ቻይትራ ዓመት ሙሉ ያሰበችበት ጉዞ ነበር። ቺክማጋሉር ኮረብቶች መሃል ወዳለው የቡና ሸለቆ አምናም ሄዳ፣ የደረሰችው አበባው በረገፈ ማግስት ነው። ዘንድሮ አልተሞኘችም። የሸለቆውን የዝናብ ወሬ በየቀኑ ስትጠይቅ ሰነበተች። ቡናው የመጀመሪያውን ዝናብ ከጠጣ ሳምንት አለፍ ሲል እንደሚያብብ ስለምታውቅ፣ ዝናቡ መጣሉን እንደሰማች ነው ፈቃድ የሞላችው። አሁን ያንን አበባ ከአማቷ ጋር ልታየው ነው።

"በቃ፣ ሄድን!" አለች ሻንጣውን እየጎተተች።

አማቷ ጊሪጃማ ደረጃው ላይ ቀጥ አሉ። "ምን አልሽ?"

"ሄድን ነዋ። አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው፣ እትዬ።"

"ሄድን ይባላል እንዴ? እንደሱ የሚለው ሄዶ የሚቀር ሰው ነው! ሄደን እንመጣለን ነው የሚባለው። ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ተጎንጪ። እንደ አዲስ እንወጣለን።"

ገቡ። ተቀመጡ። ውሃ ተጎነጩ። እንደ አዲስ ወጡ። አውቶቡሱም አመለጣቸው።

በሚቀጥለው አውቶቡስ ያገኙት የኋላ ወንበር ነበር። ቻይትራ ከቤንጋሉሩ ከተማ እስኪወጡ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ጊሪጃማ ግን መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን አውጥተዋል። እስከ ዛሬ ከቤት የራቁት ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለቤተ መቅደስ ብቻ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ቲኬቱን የሚይዝ አንድ ወንድ ከፊት እየመራ። ዛሬ ቲኬቱ በራሳቸው መዳፍ ውስጥ ነው፤ በላብ ርሷል። አውቶቡሱ የኮረብታውን ጥምዝምዝ መንገድ ሲጀምር ተሳፋሪው ፊቱ እየገረጣ ፌስታል መፈለግ ያዘ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ጊሪጃማ ቻይትራ ላይ ይወድቃሉ።

"ይቅርታ ልጄ" ይላሉ፤ ከዚያ ለሹፌሩ፣ "በርታ! ቀስ እንዳትል!"

ቻይትራ ሳታስበው ሳቀች። ተናደደችም፤ ለመሳቅ አልተዘጋጀችም ነበር።

ያሳደራቸው ፑታራጁ የሚባል ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ የቡና ገበሬ ነው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሳይጨርስ ቻይትራ "አበባውስ?" አለችው።

"ነገ ነው!"

ቁጥቋጦዎቹ ከበረንዳው ጀምሮ እስከ ሸለቆው ወለል፣ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ይወርዳሉ። በየቅርንጫፉ እምቡጦቹ ተደርድረዋል፤ ነጭ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ድፍን። አንድም የተከፈተ የለም።

በማግስቱ ቻይትራ ከወፍ ቀድማ ተነሣች። እምቡጡ እንደዚያው ነው።

"ነገ ነው" አለ ፑታራጁ፣ ሳይጠየቅ።

ቁርስ ላይ ሚስቱ ትኩስ የሩዝ ቂጣና የኮኮናት ማባያ አቀረበች። ቀጥላ ከነሐሱ ማጥለያ የወረደውን ቡና ከፈላ ወተት ጋር አዋሕዳ ለጊሪጃማ ዘረጋችላቸው። ጊሪጃማ ኩባያውን ሳይነኩ አዩት።

"ይሄ አቦሉ ነው" አሉ።

"አዎ፣ ምነው? አልወደዱትም?"

"አይደለም... አቦሉ ለወንዶቹ ነው። እኔ ቶናው ይበቃኛል።"

ቻይትራ ታውቀዋለች። በየማለዳው ጊሪጃማ የፈላ ውሃ ማጥለያው ላይ ያፈሳሉ፤ ጠብ ጠብ ብሎ የሚወርደው ወፍራሙ ቡና ለባላቸው አባት፣ ለባላቸው፣ በኋላም ለልጃቸው ሲሄድ ኖሯል። ከዚያ በዚያው ዱቄት ላይ ደግመው ያፈሳሉ፤ ቀጭኑ የእሳቸው ነው። ቻይትራ እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ደግሞ የእሷም።

"የትኞቹ ወንዶች?" አለች ቻይትራ።

ጊሪጃማ ዞር ዞር ብለው አዩ። ያለው ወንድ ፑታራጁ ብቻ ነው።

"እኔን አትዩኝ" አለ እሱ፣ "ቡና ልቤን ያቃጥለኛል። ሻይ ነው የምጠጣው።"

"ቡና እየሸጥክ?"

"ጫማ ሰፊ ሁሉ ጫማ ይበላል እንዴ?"

ጊሪጃማ ኩባያውን አነሡ። አንድ ጊዜ ፉት አሉ፤ ደገሙ። ከዚያ ቀና አሉና፣ "ይሄን ነው እንዴ ሲጠጡት የኖሩት?" አሉ።

ሁለተኛ ኩባያ ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን የሚይዛቸው ጠፋ። ሳሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጅረቱ ውስጥ ገቡና ቻይትራን ውሃ ረጯት። ዛፍ ላይ የተጠመጠመውን ቁንዶ በርበሬ ቀጥፈው ጥሬውን አኝከው፣ እንባቸው እየወረደ "አንቺም ቅመሺ፣ ብቻዬን አልቃጠልም!" አሉ። በየቁጥቋጦው ፊት ይቆሙና እምቡጡን በጣታቸው መታ እያደረጉ፣ በፑታራጁ ድምፅ "ነገ ነው!" ይላሉ። ቻይትራ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እግረ መንገዷን ሳታስተውል ባሏን መናፈቅ ረስታለች።

አመሻሽ ላይ ፕራሞድ ደወለ። ጊሪጃማ ስልክ የሚያናግሩት ድምፁን ለቀው ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

"እማዬ፣ አጎቴና አክስቴ ለእሁድ ምሳ ከማይሱሩ እየመጡ ነው። ነገ ማታ ግቡ እንጂ እንዳትቀሩ። አንቺ ከሌለሽ ቡናውን ማን ያፈላል?"

"እሺ፣ ልጄ።"

ቻይትራ ፊቷ ተለዋወጠ። መመለሻቸው ቅዳሜ እንደነበር ታውቃለች፤ ግን ፑታራጁ እስከ እሁድ በነጻ እንደሚያሳድራቸው ነግሯት ነበር፤ አማቷን ለማግባባት ምቹ ሰዓት ስትጠብቅ ነበር። አሁን ሰዓቱ አለፈ። ሴትዮዋ ለልጃቸው "እሺ" ካሉ የሚመልሳቸው የለም፤ ሌላ ቃል ሲሉት ሰምታም አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት እምቡጡ እንደ ሻማ ጫፍ አብጧል። አልተከፈተም። አየሩ ግን ሌላ ነው፤ ከሸለቆው በኩል ስስ የጃስሚን ሽታ የመሰለ ነገር መጣ ሲሉት ይጠፋል።

"ነገ ነው፣ በአባቴ!" አለ ፑታራጁ።

"በአባትህ ትናንትም ምለሃል" አለች ቻይትራ፣ እና ወደ ክፍሉ ገብታ ልብስ ሻንጣው ውስጥ ትወረውር ጀመር። ለሁለተኛ ዓመት ባዶ እጇን ልትመለስ ነው፤ ያውም ለአንድ ምሳ። ዚፑን በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው።

ጊሪጃማ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ የመጨረሻ የአቦል ኩባያቸውን ይዘው ያዩዋታል። ከታች፣ ከመንገዱ፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ስልኩም አብሮ ጮኸ።

"እማዬ፣ ወጣችሁ?"

"ልንወጣ ነው።"

"ጎሽ። ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?"

ጊሪጃማ ኩባያውን አስቀመጡ። በመስኮቱ አሻግረው ድፍኑን እምቡጥ አዩት።

"ነገ ነው" አሉ።

"ምኑ?"

"የምንመጣው። ነገ ነው።"

ቻይትራ ሻንጣውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"እማዬ፣ ነገ እኮ እንግዶቹ... ምሳውስ? ቡናውን ማን ያፈላል?"

"ምሳ ከሆቴል ይመጣል። ማጥለያው ከምድጃው በላይ ነው። የፈላ ውሃ ታፈሳለህ፣ ትጠብቃለህ፤ ደግሞ በማንኪያ እየጎረጎርክ እንዳታበላሸው። ሲወርድ አቦሉን ለአክስትህ ስጣት።"

"ለአክስቴ? ለአጎቴስ?"

"ለሱ ቶናው ይበቃዋል። በል፣ ሄድኩ።"

"እማዬ... ሄድኩ ነው ያልሽው?"

ጊሪጃማ ስልኩን ዘግተው ትራስ ሥር ወሸቁት። ተነሥተው ከቻይትራ እጅ ሻንጣውን ተቀበሉና በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር ገፉት። ጡሩምባው አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ እያነሰ ወደ ሸለቆው ወረደ።

"እትዬ" አለች ቻይትራ፣ "ነገም ባይከፈትስ?"

"አንቺ ደግሞ! ነይ፣ ከወዲያኛው፣ ፀሐይ ከሚመታው በኩል ፍለጋውን እንጀምር።"

ትራሱ ሥር ስልኩ እንደገና መጮህ ጀመረ። ጊሪጃማ ምራታቸውን በክንዷ ጎትተው አስወጡና በሩን ዘጉት።