ብቻዬን አልወልድም

ትኬት ቆራጯ ኑሮዋን የምትገፋው የከተማ አውቶቡስ በር ላይ ቆማ ነው። ማን ይሳፈር፣ ማን ይውረድ የምትለው እሷ ናት፤ ሹፌሩ እንኳ እሷ «ሳበው!» ካላለችው ንቅንቅ አይልም። ሞልቷል ብሎ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ ካለ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ለአንድ ሰው ቦታ ይጠፋል?» ትልና አንዲት አሮጊት ከነዘንቢላቸው ታስገባለች። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ሆስፒታል ስትገባ አፏ ተለጎመ ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆኗል። የበኩር ልጇን ስትወልድ ሆኗል።

ያኔ በዚሁ ሆስፒታል፣ በዚሁ ማዋለጃ ክፍል፣ ብቻዋን አማጠች። እናቷ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ኮሪደር ላይ ቆማ የልጇን ጩኸት ከግድግዳ ወዲያ ትሰማለች እንጂ መግባት አልተፈቀደላትም። ስትጮኽ አዋላጆቹ ጭኗን በጥፊ አጮሏት። «ስትተኚ አልጮኽሽ፣ አሁን ምን ያስጮኽሻል?» አለቻት አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሷም፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የምታስረግደው ሴት፣ ጭጭ አለች። ሕመሙን ረስታዋለች፤ ሕመም ይረሳል። ያን ሳቅ ግን ባስታወሰችው ቁጥር ዛሬም ፊቷ ይቃጠላል።

ሁለተኛውን ስታረግዝ እናቷ አልፋ ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ ለባሏ ቁርጡን ነገረችው።

«እኔ ብቻዬን አልወልድም። ሰው ይዤ ነው የምገባው።»

«ማንን?»

«እናትህን።»

ባልየው የሚጠጣው ውሃ ትን አለው። ቢለው ምን ይፈረድበታል? እናቱና ሚስቱ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ከጨው መብዛትና ማነስ ጀምሮ እስከ ሕፃኑ ካልሲ ድረስ ያልተነታረኩበት ነገር የለም። አማቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሚስት አላገባም፣ ድምፅ ማጉያ ነው ያገባው» እያሉ ነው የሚያስቁት። እሷም ብትሆን አትተኛላቸውም።

አማቷ ጉዳዩ ሲነገራቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ምራታቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እኔን? በደህናው ጊዜ ድምፄን መስማት የማትፈልጊውን ሴትዮ?»

«በደህናው ጊዜ አልፈልግም፣ እማማ። በምጥ ጊዜ ግን ማንንም የማይፈራ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ አማትየው፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። ግን ያን ዕለት ጥፍራቸውን ከሥሩ አሳጥረው ሲቆርጡ ታዩ።

ምጡ ጠዋት ላይ መጣ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ የማዋለጃው አሠራር እንደ ድሮው ነው። ወላዷ ትገባለች፤ ልብሷን አውልቃ ከኋላው ክፍት የሆነ ጋውን ትለብሳለች፤ ያወለቀችው ልብስ በፌስታል ሆኖ በጥበቃው በኩል ውጪ ላለው ሰው ይሰጣል። ፌስታሉን የተቀበለ ሰው፣ በቃ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አቅፎት ይቀመጣል። ኮሪደሩ ላይ እናቶች፣ እህቶችና አክስቶች ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው የሰው ልብስ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጥበቃው ለአማትየውም የምራታቸውን ፌስታል ዘረጋላቸው።

«ይረከቡኝ፣ እናቴ።»

«አልረከብም።»

«ምን ማለትዎ ነው? ልብሷ እኮ ነው።»

«እኔ ሰው ይዤ መጣሁ እንጂ ጨርቅ ይዤ አልመጣሁም። ጨርቅማ ዕድሜ ልኬን ስሰፋ ኖሬያለሁ፣ ጠግቤዋለሁ። የልብሱ ባለቤት ራሷ ትምጣና ትረከብህ።»

ጥበቃው መሬት እንዳያስቀምጠው የሰው ልብስ፣ እንዳይዘው የሴት ልብስ፤ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ።

ውስጥ ደግሞ ትኬት ቆራጯ ከኃላፊዋ ሲስተር ጋር ተያይዛለች። ሲስተር ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ለአምስት አልጋ ያሉት እሷና አንዲት ረዳቷ ብቻ ናቸው።

«ሲስተር፣ አማቴ ውጪ ናቸው። ይግቡልኝ።»

«እዚህ አስታማሚ አይገባም። አልጋው ላይ ውጪ።»

«ለምን አይገባም?»

«ደንብ ነው። እንደምታዪው መጋረጃ የለም፤ የሌሎቹ ገመና አለ። ደግሞ ባለፈው አንዷ እናት ደም አይታ ወድቃ፣ ወላዷን ትተን እሷን ስናነሳ ነበር።»

«አማቴ ደም አይፈሩም። የሰው ገመናም አያዩም፤ ያለ መነጽር በርና ግድግዳ አይለዩም!»

«አልኩሽ እኮ፣ አይቻልም!»

ከግድግዳው ጥግ ባለው አልጋ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ገና የመጀመሪያዋ፣ እንዳትጮኽ የጋውኗን ጫፍ ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። ያፈነችው ድምፅ በአፍንጫዋ አመለጣት። ሲስተር ዞር ብላ «አንቺ ደግሞ ጀመርሽ? ጩኸት አያዋልድም!» ስትላት፣ ልጅቷ በጨርቁ ውስጥ «እሺ» አለች።

ያ «እሺ» ትኬት ቆራጯን ከምጡ በላይ አንገበገባት። የገዛ ራሷ «እሺ» ነበር። አልጋው ላይ ያወጣችውን አንድ እግር መልሳ አወረደችና፣ ሆዷን ደግፋ፣ ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አለች ሲስተር።

«አማቴ ጋ።»

በሩን ገፍታ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ስትል ከኋላዋ ጋውኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥበቃው በድንጋጤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አማትየው ግን ብድግ ብለው የራሳቸውን ሻርፕ ከትከሻቸው አውልቀው ወገቧ ላይ አሰሩላት። ወዲያው ምጡ መጣና ትከሻቸው ላይ ተደፋች፤ እሳቸውም እግራቸውን አንፈራጠው ክብደቷን ተሸከሙ።

«አይዞሽ። ትከሻዬን ብቻ አትንከሺው፣ የቀረኝ እሱ ነው» አሏት።

ሲስተር ተከትላ ወጣች። «ምን ማለት ነው ይሄ? ነይ ግቢ!»

«ከሳቸው ጋር እገባለሁ። ካልሆነ እዚሁ እወልዳለሁ።»

«ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ይህን ሁሉ ዘመን ያዋለድኩት እኔ፣ የምታስተምሪኝ አንቺ?»

«ማዋለዱ የእርስዎ ነው ሲስተር፣ አልነካሁብዎትም። ምጡ ግን የኔ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጡት አንዷ «እሰይ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ሲስተር ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሚ። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ይሄ ነገር አስፈራት። እልህ ጥሩ ነው፤ ግን በልጅ ሕይወት እልህ ይጋባል? እግሯ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ወደ አማቷ ዞራ «ምን ላድርግ፣ እማማ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ የምልሽን የምትሰሚ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ባልተነታረክን» አሉ አማትየው። «አፍ አለሽ። ራስሽ ተናገሪ። እኔ ከኋላሽ ነኝ፤ የትም አልሄድ።»

ትኬት ቆራጯ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ሲስተር፣ ልጄ እንዲጎዳ አልፈልግም። እርስዎም እንደማይፈልጉ አውቃለሁ፤ ድካምዎም ይታየኛል። ግን ባለፈው እዚህ ስወልድ እንደ አህያ ተመታሁ፣ ተሳቀብኝ፣ ዝም አልኩ። እናቴ እዚህ ቆማ ትሰማ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም፣ አፍራ። ዛሬ በጥፊ የሚመታ ጭን ይዤ አልመጣሁም። እጄን የሚይዘኝ ሰው ይዤ ነው የመጣሁት። ቶሎ እንግባ፣ ልጁ አይጠብቀንም።»

ፌስታል ያቀፉት ሴቶች ሁሉ ዓይናቸውን ሲስተር ላይ ተክለዋል። ሲስተር እነሱን አየች፣ ሻርፑን አየች፣ አሁንም ፌስታሉን ይዞ የቆመውን ጥበቃ አየች።

«ዛሬ ብቻ ነው!» አለች ጣቷን ቀስራ።

«እኔስ የምወልደው ዛሬ አይደል?»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። የሲስተርም ከንፈር ወደ ጎን ሸሸት አለ፤ ቶሎ ሰበሰበችው እንጂ።

አማትየው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ገቡ። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያገኙትን አንሶላ በምራታቸውና በጥጓ ልጅ አልጋ መካከል መወጠር ነበር፤ ዕድሜ ለልብስ ሰፊነት፣ መርፌ ቁልፍ ከቀሚሳቸው አይጠፋም። ከዚያ የምራታቸውን ወገብ በመዳፋቸው ሥር ይጫኑላት ጀመር። ሲስተር እጇን በዘረጋች ቁጥር «አሁን ምን ሊያደርጉልን ነው፣ የኔ እመቤት?» ይላሉ። ሲስተር መጀመሪያ ተነጫነጨች። በኋላ ግን ሳትጠየቅ «አሁን ልመረምርሽ ነው፣ ትንሽ ያምምሻል» ማለት ጀመረች። ትኬት ቆራጯ «በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ» ስትላትም ለአፍታ አሰበችና «እሺ፣ በጎንሽ ሁኚ። ይቻላል» አለቻት።

ትኬት ቆራጯም ጮኸች። አበደች ቢባል ይቀላል! ያለፈውንም የዛሬውንም አንድ ላይ ጮኸችው። ማንም አልመታት፣ ማንም አልሳቀባት። አማቷ ብቻ እጃቸው እየተጨመደደ «ጩኺ ልጄ፣ ጩኺ፣ ቤት ስትጮኺብኝ ከርመሽ የለ!» ይሏታል። ሴት ልጅ ወጣች፤ ጥቁር ፀጉሯ እርጥብ፣ ድምጿ የእናቷ። ሲስተር ሳትጠቀልላት ደረቷ ላይ አስተኛችላት። አማትየው «ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ!» ብለው ሊስቁ ሲሉ፣ ዕንባቸው ቀድሟቸው ወረደ።

ከአንሶላው ወዲያ ያለችው ልጅ እግር ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታለች። ጋውኑን ከጥርሷ አወጣችና በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ላብ ያጠመቀው ፊቷ ላይ ዓይኖቿ ፈጠዋል።

«አክስቴ ካልገባች አልገፋም!» አለች። ድምጿ ተሰነጣጠቀ። ራሷም ደነገጠችበት፤ ግን ደገመችው። «አልገፋም! ሲስተር፣ አክስቴን አስገቡልኝ!»

ሲስተር ወደ ትኬት ቆራጯ ዞረች።

«አየሽ ያመጣሽውን?»

«አየሁ ሲስተር» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ልጇን ወደ ጡቷ እያስጠጋች። «እርስዎ ከደከመዎት እኔ ልጥራት?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ!»

ሲስተር ጓንቷን አወለቀችና ወደ በሩ ሄደች። ጥበቃው ከበሩ ወዲያ ሆኖ «እንዴ ሲስተር፣ ለአንዷ ብቻ አልነበረም የፈቀዱት? ደንቡስ?» አላት።

«ደንቡ ካሳሰበህ አንተ ና አምጥ!» አለችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ተጣራች። «የዚህች የጥጓ ልጅ አክስት ማን ነሽ? እጅሽን ታጠቢና ግቢ፤ ትፈልግሻለች!»