ስድስት ግራም የጎደለው ግማሽ ኪሎ

አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ልጅዎ ለማንም ሳይናገር ከቤት ወጥቶ ያውቃል?» ይላል ቅጹ። ሚጣ ለማንም ተናግራ የሠራችው ነገር የለም፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለችም። አባትየው ግራ ቀኙን ቃኘ። የሚያየው ሰው አልነበረም። አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁም የምታየው የኮሪደሩን መብራት ነው። «የለም» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ትንሽ ምልክት አደረገ። ምልክቷን ያሳነሳት ውሸቱም አብሮ እንዲያንስለት ነው።

ባለፈው ወር ሚጣ የተገኘችው አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሞተሩ የተነሳ አውቶቡስ የኋላ ጎማ ተደግፋ ነው። ግን አንድ ጊዜ የሆነ ነገር «ያውቃል» አያሰኝም ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለቱን አልቆጠራቸውም፤ ከሰፈር አልወጣችማ።

እሱ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የነሐስ ክብደቶቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ ከሥጋ ቤት ወርቅ ቤት እየዞረ፣ ሚዛን ሲፈትሽ፣ ልክ የሆነውን ሲያትም፣ ያልሆነውን ሲያሽግ ኖሯል። ሥራው ጠባይ ሆኖበታል። ሚጣ ተወልዳ ስትመዘን አዋላጇን «መጀመሪያ ዜሮ ላይ መሆኑን አይተሻል?» ብሎ የጠየቀ አባት ነው።

ስለዚህ የዚህን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት የቅበላና የክፍያ መመሪያ፣ አሥራ አንዱንም ገጽ፣ ሥጋ ሻጭ እንደጻፈው አድርጎ ነው ያነበበው። ልጆች ተመዝነው በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። ደረጃው ከፍ ሲል ረዳቱ ይበዛል፤ ረዳቱ ሲበዛ ክፍያው ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ደረጃውን የሚያወጣው ማነው? ትምህርት ቤቱ። ገንዘቡን የሚቀበለውስ? እሱው ራሱ። ሁለቱን አንቀጾች በቀይ አስምሮ ለሚስቱ አሳያት።

«ሻጩ ራሱ ሚዛኑን ካተመው፣ እኔ ደመወዝ የምበላው ለምንድነው?» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ልናስገባ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱን ልታሽገው ነው?» አለችው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ሦስት ትምህርት ቤቶች «እንዲህ ዓይነት ልጅ አንይዝም» ብለው መልሰዋቸዋል። የቀረው ይሄ ነው። ደረጃ ሁለት ከሆነች በእሱ ደመወዝና በእናቷ ስፌት ጥርሳቸውን ነክሰው ይከፍላሉ። ደረጃ ሦስት ከተባለች ግን የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ይህ ማለት ደግሞ የሚስቱ ወንድም ጓሮ ያለችው ክፍል መግባት ነው። የሚስቱ ወንድም ጥሩ ሰው ነው። ችግሩ ጥሩ ሰው መሆኑን በቀን ሦስት ጊዜ ይናገራል።

ስለዚህ ተዘጋጀ። የሰፈራቸው ታክሲ ነጂ ልጁን እዚህ ካስገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምዘናው ላይ ምን እንደሚቀርብ አንድ በአንድ ነገረው። ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ስምንት ቀዳዳ፣ ስምንት ቅርጽ፤ ክቡ ከላይ በግራ ጥግ፣ ኮከቡ ከታች በቀኝ ጥግ። አባትየው አናጺ ዘንድ ሄዶ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሰሌዳ አሠራ፤ ቀለሙን እንኳ ሁለት ጊዜ አስቀየረው። ሁለት ወር ሙሉ ከእራት በፊት በሰዓት እየለካ አለማመዳት። መጀመሪያ ቅርጾቹን ትወረውራቸው ነበር። አሁን ስምንቱንም ዓይኗን ጣሪያው ላይ እንደሰቀለች ትገጥማቸዋለች።

ታክሲ ነጂው ዛሬ የመንፈቅ ዓመቱን ክፍያ ሊከፍል መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው።

«ስንት አደረሰችው?» አለ አጎንብሶ።

«ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ።»

«አቤት! የኔው እስከ ዛሬ ሰሌዳውን ይነክሰዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ ጠንቀቅ በል። የኔን ደረጃ ሁለት ብለው አስገብተው በዓመቱ ሦስት አደረጉት። የዚህ ቤት ሊፍት ወንድሜ፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም።»

«ለምን አልጠየቅህም?»

«ጠየቅኳ። በመመሪያው መሠረት ነው አሉኝ። መመሪያውን ያነበበ ሰው ደግሞ ካንተ ሌላ አላውቅም።»

ሚጣ መዳፏን ጭኗ ላይ ታሻሻለች። ምን እንደምትፈልግ አባቷ ያውቃል። ቦርሳው ውስጥ ግማሽ ኪሎ የነሐስ ክብደት አለ፤ ከአገልግሎት ብዛት ስድስት ግራም ጎድሎት ከሥራ የተወገደ፣ እሱም ፈርሞ ወደ ቤት የወሰደው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጇ አልተለየም። ደረቷ ላይ አጥብቃ ስትይዘው ትንፋሿ ይረጋል፣ ሰውም ታያለች። ዛሬ ከሚኒባስ ሲወርዱ ከእጇ አውጥቶ ደበቀው። ነሐስ ታቅፋ የገባች ልጅን ማን ደረጃ ሁለት ይላታል?

ጸሐፊዋ ቅጹን ተቀብላ ማህተም መታችበትና ወደ ምዘናው ክፍል መራቻቸው። ወላጅ የሚቀመጠው ውጪ፣ በመስታወት በኩል እያየ ነው። መዛኟ ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ሴት ናት። አባትየው መጀመሪያ ያየው እጇን ነው። የያዘችው እርሳስ ነው። እሱ በእርሳስ የተጻፈ መዝገብ ያገኘበት ሱቅ በዚያኑ ቀን ይታሸጋል። እርሳስ የሚይዝ ሰው የሚያጠፋው ነገር እንዳለው አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

ሰሌዳው ቀረበ። ሰማያዊው ልክ ነው። ሚጣ ክቡን አነሳች፣ ከላይ በግራ። ሦስት ማዕዘኑን፣ ካሬውን። አባትየው ሰዓቱን አየ። ስምንተኛው ኮከብ ቦታው ሲገባ ሠላሳ ስድስት ሴኮንድ። ከሪከርዷ ሁለት ተቀንሷል። ጮክ ብሎ እንዳያጨበጭብ እጁን ብብቱ ሥር ከተተው።

መዛኟ ግን ፈገግ አላለችም። ቅርጾቹን አወጣች፤ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ በዝግታ ግማሽ ዙር አዞረችው፤ ከላይ የነበረው ከታች ሆነ። ሌላ ምንም አልነካችም።

አባትየው ይህችን ብልሃት ያውቃታል። አጭበርባሪ ነጋዴ፣ ተቆጣጣሪ በኪሎ ክብደት እንደሚፈትሽ ስለሚያውቅ፣ ሚዛኑን ኪሎ ላይ ብቻ ልክ እንዲል አድርጎ ያበጀዋል። ስለዚህ እሱ በኪሱ ሦስት መቶ ሰባ ግራም የምትመዝን፣ ማንም የማይጠረጥራት ቁራጭ ይዞ ይዞራል። ኪሎው ልክ ሲል ዝም ይላል፤ ከዚያ ቁራጯን ያስቀምጣል። ያን ጊዜ የነጋዴው ፊት የሚሆነውን ያውቀዋል። ዛሬ መስታወቱ ላይ ያየው ያንኑ ፊት ነው፤ የራሱን።

ሚጣ ክቡን አነሳችና ከላይ በግራ በኩል ገፋችው። እዚያ አሁን ያለው የኮከቡ ቀዳዳ ነው። ገፋችው። አልገባም። እንደገና ገፋችው። ዓይኗ አሁንም ጣሪያው ላይ ነው፤ እጇ ብቻ ሁለት ወር የተማረውን ይሠራል። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ማሰማት ጀመረች፤ በመዳፏ ጆሮ ግንዷን መታች። መዛኟ ልታባብላት አልሞከረችም። ተነስታ በሩን ከፈተችላት።

ሚጣ ሮጠች።

የውጪውን በር ዘበኛው ወንበር የጫነ መኪና ሊያስገባ ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ዘበኛው እጁን እያወዛወዘ ሾፌሩን ወደ ኋላ ይመራል፤ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ገና ብድግ ማለቷ ነው። አባትየው ግን ሚጣ የክፍሉን ደፍ ስትሻገር እሱ የኮሪደሩን ጥግ ታጥፎ ነበር። ስትደርስ በመኪናውና በበሩ መካከል እጁን ዘርግቶ አገኘችው። ሆዱን በጭንቅላቷ መታችው። አቅፏት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

መዛኟ ቀስ ብላ መጣች። ቅጹን ይዛለች።

«አሥራ ሰባተኛው ላይ ‹የለም› ብለዋል፣ አባቷ» አለችው። «ግን ከሷ ቀድመው በሩ ጋ ደረሱ።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ነጋዴ ሲያፋጥጥ ኖሮ፣ የሚባለውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ትናንት ልክ ነበር፣ ልጁ ነው የነካካው፣ ሙቀቱ ነው ያዛባው። አንዱንም ሳይል ልጁን አቅፎ ተነሳ።

ወደ ክፍሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ሚጣ ጠረጴዛው ሥር ገባች። መዛኟ ማን እንዳስጠናት አልጠየቀችም፤ በዓመት ስምንት ዘጠኝ ሰማያዊ ሰሌዳ የለመደ ልጅ እንደሚመጣላት፣ አናጺውም አንድ ሳይሆን እንደማይቀር ብቻ ተናገረች። ከዚያ ወረቀቱን አዞረችለት።

«በወረቀቱ ከሄድኩ ደረጃ ሁለት ናት። ቅጹ ንጹሕ ነው፣ ሰሌዳውንም ሞልታለች። ልፈርም እችላለሁ። ደረጃ ሁለት ክፍል አሥራ አራት ልጅ፣ አንድ መምህርና አንድ ረዳት ነው። በሩ አይቆለፍም። በደረጃ ሦስት ለአራት ልጅ አንድ ሰው አለ፤ ከነሱ ሌላ አንድ ሰው ሥራው በሩን ማየት ብቻ ነው። ከፈለጉ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አለኝ፤ እንደገና ላያት እችላለሁ። ደረጃው ግን ሊወጣ ይችላል።»

«ሊወርድስ?»

«እስካሁን አላጋጠመኝም።»

እውነቷን ነው የተናገረችው፤ ይህም አጠራጠረው። ክፍያውን የምትወስነው እሷ እንደሆነች ጠየቃት። የሒሳብ ክፍሉ ነው አለች። የሒሳብ ክፍሉ የሚወስነው የሷን ወረቀት አይቶ መሆን አለመሆኑን ጠየቃት። አይቶ ነው አለች፤ እሷም ነገሩ እንደማያምር ታውቃለች፣ ሁለት ጊዜ ጽፋ አመልክታለች፣ መልስ አልመጣላትም። አባትየው ይህንንም እንዳለ አልዋጠውም። ግን ሰሌዳውን ያዞረው እጇ ዓይኑ ሥር ነበረ። እሷም ቁራጭ ክብደት በኪሷ ይዛ የምትዞር ሰው ናት።

ስልኩን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሚስቱ አነሳች፤ ከበስተጀርባዋ የስፌት መኪናው ይጮሃል።

«ወንድምሽ ጓሮ ያለችው ክፍል አሁንም ባዶ ናት?» አላት።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ሚጣ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ሮጣ ነበር።»

«ደረስክባት?»

«ቀደምኳት።»

«ክፍሏ ባዶ ናት። ጣሪያዋ ያፈሳል ብለህ አልነበር እንዴ?»

«ብዬ ነበር።»

«አያፈስም እኮ።»

«አውቃለሁ» አላትና ዘጋው።

ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ ቅጹን ሳበ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ያችን ትንሽ ምልክት ሰረዛት፣ ሥሯ «ሦስት ጊዜ፤ አንዱ መናኸሪያ» ብሎ ጻፈ፣ ስርዙ አጠገብ እንደ ሥራ ደንቡ ፈረመበት። ከዚያ የራሱን እስክሪብቶ ለመዛኟ ዘረጋላት።

«በእርሳስ አይሆንም፣ መምህርት። የሚያዩትን ሁሉ በዚህ ይጻፉልኝ። ቅጂውን እኔ እይዛለሁ። በዓመቱ ስንገናኝ ከሱ ላይ ነው የምንነሳው፤ ለመውጣትም ለመውረድም።»

መዛኟ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለች መሰለው፤ ይህንንም ልብ አለ። እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲህ ነይ ይበሏት» አለች። አባትየው ጠራት። ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣችም። መዳፏን ጭኗ ላይ ታሻሻለች።

አባትየው ተንበረከከ። ቦርሳውን ከፍቶ ግማሽ ኪሎውን አወጣና በመዳፉ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሥር ዘረጋው። ትንሽ እጅ መጥታ ወሰደችው። ትንፋሿ ሲረጋ ሁለቱም ሰሙት። ከዚያ ሚጣ ነሐሱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ብቅ አለች፣ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ዓይኗን ከጣሪያው አውርዳ የመዛኟን መነጽር አየች።

«ይሄ ምንድነው?» አለች መዛኟ።

«ግማሽ ኪሎ» አለ አባትየው ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ዞር አለ። «ስድስት ግራም ይጎድለዋል። እሱንም ይጻፉት።»