ማን ምን እንዳለ

ማቲዎስ ያንን የቤት ሥራ ሲሰጥ ደስ ብሎት ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። ጅጅጋ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ አሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምራል። የመጽሐፉ ምሳሌዎች ሁሉ ስለ ጆንና ስለ ሜሪ ስለሆኑበት ሰልችቶታል። ጆን ምን አለ ቢባሉ ልጆቹ ጉዳያቸውም አይደለም። እናም ሰኞ ዕለት ጠመኔውን አነሳና አምስት ግሦች ጻፈ፦ ሴድ፣ ቶልድ፣ አድሚትድ፣ ዲናይድ፣ ኮምፕሌይንድ። ተናገረ፣ ነገረው፣ አመነ፣ ካደ፣ አማረረ ማለት ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ ዛት የምትባለው ቃል ትመጣለች፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ የሰውየው ንግግር ይከተላል ብሎ አስረዳ።

«በአማርኛ 'እሄዳለሁ አለ' ብለን ቃሉን እንዳለ ልንተወው እንችላለን» አላቸው። «እዚህ ግን 'እኔ' ያለው 'እሱ' ይሆናል፣ ግሡም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቶልድ ካላችሁ ደግሞ ለማን እንደነገረው ካልጻፋችሁ ነጥብ የለም።»

ቀጠለና፣ ቤታችሁ ሂዱ፣ ትልልቆቹ ሲያወሩ ስሙ፣ የተባለውን አምስት ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ አምጡ አለ። ስም ይኑረው፣ ቀን ይኑረው፣ ፈጠራ አልቀበልም ብሎም አስጠነቀቀ። እንግዲህ ሰው እንዴት ጅጅጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ይህን ይላል? ማቲዎስ ግን አለ፣ ያውም ፈገግ ብሎ።

ረቡዕ ሃምሳ አንድ ደብተር ተሰበሰበለት። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ሲያርም ልቡ ሞቀ። ልጆቹ በሕይወታቸው እንዲህ ጽፈው አያውቁም። የአንዱ አባት የቀበሌው ሊቀመንበር ስንዴውን እንደበላው አማርሯል፣ የአንዷ አክስት ወንድ ልጇን እንደደበቀችው አምናለች። የሁሉም ቁንጮ የሆዶ ነበር። ሆዶ ክፍሉን የምትመራ፣ ለፈተና ሌት ተቀን የምታነብ ልጅ ናት። እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ አጎቴ ሺሬ፣ ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ሀርሺን ካለው ቢርካው፣ ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዱ፣ ውሃ እንደቀዱ፣ ፈርቶም እንዳልከለከላቸው፣ ለማንም እንዳልተናገረ፣ ማክሰኞ ማታ ለእናቴ ነገራት። ማቲዎስ ጊዜውን አየ፣ ትክክል ነው። ዛትን አየ፣ ቦታዋ ላይ ናት። አሥር ከአሥር ሰጣትና ከሥሩ «በርቺ» ብሎ ጻፈበት።

ሐሙስ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ አቶ ዳሂር ሳይታሰብ ከች አለ። ዝምተኛ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። የአሥረኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ ደብተር ልይ አለ፤ ሃምሳ አንዱንም በማዳበሪያ ከረጢት አስይዞ ሄደ። ሆዶ ያን ቀን አልመጣችም። አሟት ይሆናል ብሎ አለፈው።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቶ ለደበሌ አወራለት። ደበሌ ኬሚስትሪ ያስተምራል፣ ጅጅጋ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። ማቲዎስ ጉራውን እየነዛ የሆዶን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ሲያነበንብለት ደበሌ ሳምቡሳውን ወደ ወረቀቱ መለሰው።

«ስሙንም ጽፋዋለች?»

«ስምና ቀን ካልተጻፈ አልቀበልም ብያለሁ እኮ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነክቶሃል?» አለው ደበሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ አገር ለእነዚያ ሸማቂዎች ውሃ ሰጠ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ አታውቅም? አሁን ያ ደብተር የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ነው።»

ማቲዎስ ከወንበሩ ተነሳ። ሄጄ ልጠይቀው ሲል ደበሌ ክንዱን ያዘው። «ከጠየቅክ ገጹን ራስህ ከፍተህ አሳየኸው ማለት ነው። አርፈህ ተቀመጥ።»

አርፎ መቀመጥ ለሚችል ሰው ጥሩ ምክር ነበር። ማቲዎስ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ አለው። መኪና በሩ አጠገብ በቆመ ቁጥር በመስኮት ያጮልቃል። ሺሬን አይቶት አያውቅም፤ ግን እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ፒክአፕ ላይ ሲጫን ይታየዋል፣ አጠገቡም ማስረጃ ተብሎ «በርቺ» የተጻፈበት ገጽ አለ። የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ እያለ ራሱን በላ። ቅዳሜ ጠዋት አልቻለም፣ ወደ ዳሂር ቢሮ ሄደ።

መንገድ ላይ ውሸት አዘጋጅቶ ነበር። «አቶ ዳሂር፣ ነጥብ ላይ ተሳስቻለሁ መሰለኝ፤ ደብተሮቹን ቢሰጡኝ ላስተካክል» አለ።

ዳሂር ወንበር አሳየው። ራሱ ቆሞ መስኮቱን ዘጋ።

«ሰኞ ማታ ሦስት ወላጆች ቤቴ መጡ» አለ። «ማክሰኞ ደግሞ አሥራ አንድ ሆኑ። ይህ መምህር የሚሠራው ለማን ነው አሉኝ።»

«ለ... ለትምህርት ቤቱ ነዋ።»

«እኔም እንደዚያ አልኳቸው። እነሱ ግን ምን አሉ መሰለህ? ማን ተናገረ፣ ለማን ተናገረ፣ አመነ ወይስ ካደ፣ ስሙ ማን ነው፣ ቀኑ መቼ ነው። ይህን የሚጠይቅ ትምህርት ቤት አናውቅም፤ ይህን የሚጠይቁበትን ቤት ግን እናውቀዋለን አሉኝ።»

ማቲዎስ ለጊዜው ነገሩ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ነደደ። «እኔ እኮ ከእርስዎ ላስጥላቸው ነበር የመጣሁት» አለ።

«እኔ ደግሞ ሐሙስ የመጣሁት ከአንተ ላስጥላቸው ነበር» አለ ዳሂር። አልሳቀም። «ሃምሳው ቤት ደብተሩን መጥቶ ወስዷል፤ ገጹን ቀደው ጥለውታል። የሆዶ ብቻ ቀረ። ዘመድ አልመጣላትም።»

መሳቢያውን ከፍቶ ሰጠው። ያ ገጽ አሁንም አለ። ማቲዎስ ቀዶ ሊጥለው ነበር፤ ከዚያ ግን በእጃቸው ይቅደዱት፣ ዓይናቸው እያየ ይሁን ብሎ ደብተሩን በሸሚዙ ውስጥ ከተተና ወደ ገበያ ገሰገሰ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገው፤ ሺሬ ደኅና መሆኑን ሰምቶ መተንፈስ።

የሆዶ እናት ሉል የልብስ መደብ አላት። የመጀመሪያ ሽርጡን የገዛው ከእሷ ነው፤ አስተሳሰሩን ስታሳየው ከጎረቤቶቿ ጋር በሳቅ ፈርሰውበታል። ወንድሜ ሺሬ ሀርሺን ወስዶ የግመል ወተት ያጠጣሃል፣ ይህ ቅጥነትህ ይለቅሃል እያለች ባለፈ ባገደመ ቁጥር የምትቀልድበት ሴት ናት። አሁን ሲመጣ አይታው ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችው። አንተ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ኤዶ ሉል» አላት፣ አክስቴ ለማለት፤ «የሆዶ ደብተር ነው። ይኸው ገጹ፣ በእጅሽ ቅደጂው። እኔ መምህር ብቻ ነኝ፣ ወላሂ ሌላ ነገር የለኝም።»

ደብተሩን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። ከጎኗ ጨርቅ ትለካ የነበረችው ጎረቤቷ ኬሪያ መለካቷን አቆመች።

«ሆዶ የት ናት? ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እንደ እሷ ያለ ልጅ የለኝም።»

«አላውቅም።»

«ልጅሽ እኮ ናት፣ እንዴት አታውቂም? ይሁን፣ አትንገሪኝ። መጥታ ትፈተን ብቻ፤ እኔን ካልፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱን እለቃለሁ።» ደብተሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ሺሬስ? ሺሬ ደኅና መሆኑን ብቻ ንገሪኝ።»

ሉል የገበያውን መንገድ ግራና ቀኝ አየች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ዓይኑን እያየች፣ ቃሉን ጎረቤቶቿ ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ፣ ለሚጽፍ ሰው እንደሚነገረው ቀስ አድርጋ፣

«ሺሬ የሚባል ሰው አላውቅም» አለችው፣ ስለ እናቷ ልጅ።