ከነድንጋዩ ይቁም

የወርቅውሃ አሰግድን ይቅር ልትለው ዝግጁ ነበረች። ከዚያ በፊት ግን ለሦስት ሰዓት ያህል በደንብ ልትጠላው ፈለገች።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሲመጡ የልብ ወለዷን የመጨረሻ ምዕራፍ ገና መጀመሯ ነበር። አቶ ዓንደሚካኤልና አቶ ተኽኣ ቀድመው ገቡ። አሰግድ ተከተላቸው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ወጉ ነው፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይለምናል፣ ተበዳይ ይቅር እስክትል አያወርድም። ይሄኛው ድንጋይ ከአትክልት ዕቃ መደብር የተገዛ ነው፤ ባርኮዱ ገና አልተላጠም።

"ትራም ላይ ተቆጣጣሪው ቲኬት ጠየቀን እንጂ ስለ ድንጋዩ ምንም አላለም" አሉ አቶ ተኽኣ።

በደሉ የሠላሳ አንድ ዓመት ነው። አሰግድ ሊያገባት ሽታንዴስአምት፣ የጋብቻ መዝገብ ቤት፣ ቀጠሮ አስይዞ ሳይመጣ ቀረ። እሷ ከምስክሮቿ ጋር ቆማ ጠበቀች። ዛሬ በልብ ወለዷ አሥራ ስምንት ምዕራፍ ውስጥ አሰግድ ያን ቀን ቢራ ቤት ተቀምጦ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል። በአሥራ ዘጠነኛው ይሞታል፤ በዝግታ።

"ነገ ሊቆርብ ነው" አሉ አቶ ዓንደሚካኤል። "የንስሐ አባቱ ከእሷ ሳትታረቅ አይሆንም ብለውታል። በይ ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት።"

"እላለሁ፣ አባባ። ምዕራፉ ይለቅና።"

"ስንት ገጽ ቀረው?"

"ዘጠኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "እንግዲህ ተበዳይዋ እሷ ናት" አሉ አቶ ተኽኣ ሶፋው ላይ እየተደላደሉ። "ከነድንጋዩ ይቁም።"

ፍቅር ያጽፋል ሲባል የወርቅውሃ ብዙ ሰምታለች፤ በራሷ ግን አላየችውም። ደስ ብሏት በኖረችባቸው ዓመታት አንድ መስመር አልጻፈችም። ኒደርራድ ካለው ቢሮዋ ደክማ ስትመለስ ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጣት ጥላቻ ነው። ከታረቁ በኋላ ማን ይጽፋል?

ጀርባዋን ሰጥታው ጻፈች። ሁለት ገጽ ባንድ ትንፋሽ ሄደላት። ከዚያ ከኋላዋ ማቃሰት መጣ።

"ዝም በል፣ እየሞትክ ነው" አለችው።

"በምን?"

"በጉበት። ከቢራው።"

"እኔ ቢራ አልጠጣም።"

"እዚህ ትጠጣለህ።"

"ያን ቀንም ቢራ ቤት አልነበርኩም።"

ጣቶቿ ቆሙ። "የት ነበርክ ታዲያ?"

"ከመንገዱ ማዶ። ስትገቢም ስትወጪም አይቼሻለሁ። የእግረኛው መብራት ሦስቴ አረንጓዴ በራልኝ፤ ሦስቴም እግሬ እምቢ አለኝ። ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"እኔ እንጃ። አንቺ ሁሌም እርግጠኛ ነበርሽ።"

ዞራ አየችው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ይሄን ሰውዬ አልጻፈችውም። አሥራ ስምንት ምዕራፍ ሙሉ የሚስቀው ሰው ክፉ ነበር፤ ያን ክፋት ደግሞ ከየትም አላመጣችውም፣ ከራሷ ሆድ ነው ያወጣችው። ይሄኛው አረንጓዴ መብራት የፈራ ሰው ብቻ ነው። ለመጽሐፍ እሱ ይሻላል፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" ብላ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳችለት።

"እሰይ" አሉ ሽማግሌዎቹ። አሰግድ ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ያዘችው።

"ቆይ። የዚያን ጊዜውን ይቅር ብያለሁ። አሥራ ስምንት ምዕራፍ ግን አፈረስክብኝ። እሱ ሌላ በደል ነው።"

አቶ ዓንደሚካኤል ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። "ለዚህም ይሸከማል?"

"ለመጽሐፍ የሚሆን ወግ የለንም፣ ጓለይ፣ ልጄ" አሏት አቶ ተኽኣ።

"ወንበር ይበቃዋል።"

ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችውና ምዕራፍ አንድን ከፈተች።

"ያን ቀን ምን ለብሰህ ነበር?"

"ሱፍ።"

"ቀለሙስ?"

አሰግድ ማጅራቱን እያሸ ማሰብ ጀመረ።