እናቴ ዓረፍተ ነገሯን እስክትጨርስ

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ ባጭሩ ሰው ማጣደፍ ነው። ኮሌታ በአርባ ሁለት ሰከንድ፣ ኪስ በሠላሳ አምስት፣ እጅጌ በሃምሳ። የምለካበት ሰዓት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሠራተኞቹ በሌለሁበት «ሰከንድ» ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ስሙን እወደዋለሁ። ቤትም ውስጥ ቢሆን ውሃ እስኪፈላ ቆሜ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ።

እንዲህ ዓይነቷን ሴት እግዚአብሔር ዝም ሲላት ምን ትሆናለች? ታብዳለች። እኔም ከሰኞ እስከ ሐሙስ አብጄ ነበር።

እናቴን ስትሮክ ከመታት አምስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከድተዋታል፣ ምላሷም ተሳስሯል። አንዲት ቃል ለማውጣት ፊቷ ሁሉ ይሠራል። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ቢሮው አስገባኝና አንገቷን የተነሳችውን ምስል አሳየኝ። ወደ ጭንቅላቷ የሚወጣው የደም ሥር ተደፍኖ ተደፍኖ ክር አክሏል።

«ከፍተን ብንጠርገው ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመታቸው ተስፋ አለ» አለኝ። «ግን በዚህ ዕድሜያቸው ኦፕራሲዮኑ ላይ ልናጣቸውም እንችላለን።»

«ባይደረግስ?»

«ዓመትም ሊቆዩ ይችላሉ፤ ነገም ሊመታቸው ይችላል።»

«ዶክተር፣ የእርስዎ እናት ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«እሱን እንኳን አትጠይቂኝ» አለና የስምምነት ቅጹን ሰጠኝ። «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ቦታ አለ። እስከዚያ ተነጋገሩበት። ሁሉም ነገር ይገባቸዋል እኮ፤ መናገሩ ነው የዘገየባቸው። አነጋግሪያቸው።»

ይህን የመጨረሻውን ሲለኝ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። «እሺ እሺ» ብዬው ወጣሁ።

እናቴ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚፈረመውን ሁሉ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ይኼም የኔው ዕዳ ነው ብዬ ቅጹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ቦርሳው ከበደኝ። ወረቀት አንድ ቅጠል ነው፤ ግን ትከሻዬን ያመኝ ጀመር።

ጸለይኩ። አውቶቡስ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ በልብስ መስፊያዎቹ ጩኸት መሃል ጸለይኩ። «ጌታዬ፣ ልፈርም ወይስ አልፈርም? አጭር ነገር ነው የጠየቅኩህ» እለዋለሁ። መልስ የምጠብቀው ግን እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ ነው። ፌርማታው ሲያልፍ ጥያቄውን እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ፣ ያልሰማኝ ይመስል ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ምን አልሽኝ ልጄ?» ብለውኛል።

ምልክትም ጠየቅኩ። «አደባባዩ ላይ ስደርስ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ እፈርማለሁ፣ ቀይ ከሆነ እተወዋለሁ» አልኩት። ስደርስ መብራቱ ተበላሽቷል፤ አንድ ላብ በላብ የሆነ ትራፊክ ፖሊስ በሁለት እጁ መኪና ያተራምሳል። እዚያው ቆሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ማክሰኞ አክስቴ ደወለች። የእናቴ ታናሽ ናት፣ ሕልም ታያለች።

«ሌሊቱን ነጭ በር አየሁ» አለችኝ። «ዝግ ነው። ቢገፋ አይከፈትም። በቃ አትፈርሚ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።»

ስልኩን ገና ሳልዘጋው ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ወር በመጣ ቁጥር ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር ይቸኩላል።

«ጸሎት ላይ ነበርኩ» አለኝ። «ልቤ ሰላም አገኘ። ፈርሚ።»

«ጋሼ፣ አክስታችን ደግሞ አትፈርሚ ተብያለሁ እያለች ነው። እግዚአብሔር ለሁለታችሁ የተለያየ ነገር ነው እንዴ የሚናገረው?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማጣመም ትወጃለሽ! እኔ የተሰማኝን ነው የነገርኩሽ። ያው ውሳኔው ያንቺ ነው፤ አጠገቧ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ተናደድኩ። በሱም፣ በአክስቴም፣ በእግዚአብሔርም። ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ለኔ ሲሆን አፉን ይዘጋል።

የዚያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ሾርባ ላበላት ሄድኩ። ሦስት ማንኪያ እንደጎረሰች እጄን በግራ እጇ ያዘችኝ። «እ... እኔ...» አለች።

«አውቃለሁ እማዬ፣ ውሃ ነው» አልኩና አጠጣኋት። ጠጣች። አፏን ጠረግኩላት። እንደገና ጀመረች። «ወ... ረ...» ሐኪሙ ስለ ቅጹ ነግሯት መሆን አለበት።

«ስለ ወረቀቱ አታስቢ። እኔ አለሁልሽ አይደል? አንቺ አርፈሽ ተኚ።» ትራሷን አስተካከልኩ፣ ብርድ ልብሱን ሳብኩላት፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ሳህኑን አነሳሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ዓይኗ ይከተለኛል። በመጨረሻ ጨፈነችው። ደከማት ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ ፋብሪካ ውስጥ የያዘኝን ቁጣ የማራግፍበት ሰው አገኘሁ። ኮሌታ ከሚሰፉት አንዷ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ዝምተኛ ሴት፣ ሰባ ሰከንድ ላይ ደርሳለች። ሰዓቱን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩባት።

«ሰባ! ሰባ ሰከንድ ለአንድ ኮሌታ! እንቅልፍሽን ነው እንዴ የምትሰፊው?»

«እህቴ፣ ኮሌታው...»

«ኮሌታው ምን? ትናንት በአርባ ሰፍተሽው የለ?»

«አዎ፣ ግን ዛሬ...»

«ዛሬ ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል? ካመመሽ ተናገሪ!»

መርፌዋን አቆመች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። «አንዴ አስጨርሺኝ፣ እባክሽ» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ልነግርሽ ስሞክር ሦስተኛዬ ነው። ኮሌታው የትልቁ ቁጥር ነው፣ ሸሚዙ የትንሹ። ከመቁረጫ ክፍል ተደባልቆ ነው የመጣው።»

ያነሳሁት ሸሚዝ አንገቱ ተጨማዷል። የሚቀጥለውም ተጨማዷል። መቶ አርባ ሸሚዝ አስቸኩዬ አሰፍቻቸዋለሁ፣ ሁሉም የተበላሸ። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አብሬያቸው ስፌት መተርተር ጀመርኩ። ክር በክር ስተረትር ያቺ የጨፈነችው ዓይን ታየችኝ። እናቴ ደክሟት አልነበረም። ተስፋ ቆርጣብኝ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስጨረስኳትም! አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «እማዬ፣ ትናንት ምን ልትይኝ ነበር?» አልኳት። ከዚያ ከንፈሬን ነከስኩ።

እንዴት ከባድ ነው! አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ስድስት ጊዜ ልሞላላት ቃጣኝ፤ እጆቼን ሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

«ወረ... ቀቱን... ስጪኝ።»

ሰጠኋት። በአንድ እጇ ዘረጋችው። ቀስ ብላ፣ ከላይ እስከታች አነበበችው። እኔ እኮ አንብቢው ብዬ አልሰጠኋትም ነበር፤ ማንበብ የምትችል መሆኗንም አልጠየቅኩም።

«በሽ... ተኛዋ... እኔ... ነኝ» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንቺ... አይደለሽም።»

ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ነርሷ ድምፄን ሰምታ ገባች። እናቴ በግራ እጇ እስክሪብቶ ጠየቀቻት።

«ራሷ መፈረም ትችላለች እንዴ?» አልኳት ነርሷን።

«ለምን አይፈርሙም? ገብቷቸዋል እኮ። እኔማ እርስዎ ይዘውት ሲሄዱ ለእሳቸው የሚያነቡላቸው መስሎኝ ነው።»

ፈረመች። ፊርማዋ ተጣሞ ከመስመሩ ወጥቶ ወረደ። ሦስት ቀን ተሸክሜው የዞርኩት ነገር የኔ አልነበረም። ማንም ተሸከሚ አላለኝም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቱ ባሰብኝ፣ አሁን የሚያስቸኩለኝ ነገር እንኳን የለማ።

«እማዬ፣ ብትሞቺብኝስ?»

ጠበቅኩ።

«ሊሆን... ይችላል።»

«እግዚአብሔር ነግሮሻል? ትድኛለሽ ብሎሻል?»

ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። መስኮቱን አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። ይኼኛው ከሁሉም ረጅሙ ነበር። ነርሷ እንኳን ሳትወጣ ቆማ ጠበቀች።

«እሱን... አላለኝም። አብሬሽ... ነኝ... ነው... ያለኝ።»

ይኼ ብቻ? ልላት ነበር፤ ዋጥኩት። በቂ አልመሰለኝም። እኔ የፈለግኩት ዋስትና ነው፣ ማኅተም ያረፈበት። እሷ ግን ይህን ተናግራ እንደ ሕፃን ተኛች፤ እኔ ነኝ እስኪነጋ ስገላበጥ ያደርኩት።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አልጋ የሚገፋው ሠራተኛ መጣ። እጇን ይዤ ጎን ለጎን ተራመድኩ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ጋ «ከዚህ በኋላ አይቻልም» አለኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ ጥያቄ ከውስጤ ፈንቅሎ የወጣው።

«እማዬ፣ ለኔስ? ስለኔ ምንም አላለሽም?»

አፏን ከፈተች። ሠራተኛው መግፋት ጀመረ። «ወንድሜ፣ በናትህ አንዴ ቁም!» አልኩት። ቆመ። ከኋላችን ሌላ አልጋ መጥቶ ቆመ። በሩን የያዘችው ነርስ ሰዓቷን አየች። የዚያን ያህል ሰው አስጠብቄ አላውቅም። ሁላችንም የእናቴን አፍ ስናይ ቆምን።

«ጠይ... ቂው» አለች። በከንፈሯ በአንድ በኩል ፈገግ አለች፤ የሚታዘዛት እሱ ብቻ ነው። «ከዚያ... ዝም... በይ።»

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጠየቅኩት። ዝም ማለቱ ግን አልሰምር አለኝ፤ ተነሳሁ፣ ተንጎራደድኩ፣ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ ሳያነሳው ዘጋሁት፣ እንደገና ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሲሆን በሩ አሁንም ዝግ ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ ነበር።