ከሱራት የመጣች ለቀስተኛ

«ህንድ ናት፣ የሟቹ የጨርቅ ደንበኛ ናት ትሉኛላችሁ፤ ፊቷ የደሴ ነው» አለች የዙህራ ጎረቤት ምስራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደግሞ ስታለቅስ አይታችኋል? ለጨርቅ ደንበኛ እንዲህ አይለቀስም። ጣውንት ናት።»

ዙህራ ሰማች። ባሏ ቡርሃን ከተቀበረ ወዲህ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ያለው ቤቷ በሴቶች እንደተሞላ ነው። እንግዳዋ ጠሂራ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ቋንቋውን አታውቅም፣ የሚያዩዋትን ዓይን ግን ታውቀዋለች።

ጠዋት የባሏ ታላቅ ወንድም አብዱልከሪም ከድንኳኑ ተነስቶ ዙህራን በር ላይ አስጠርቷት ነበር።

«ይቺን ሴት ሸኚያት።»

«ጋሼ፣ የጠራት እሱ ነው።»

«ጠርቶ ምን ሊላት እንደነበር አውቃለሁ። የአያቶቼን ስም መርካቶ መሃል አላሰጣም። ጣውንት ካሏት ይበሏት፤ እሱ ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

ተመልሶ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

ቡርሃን ጨርቅ ሊያመጣ ህንድ አገር ሱራት ሄዶ የተመለሰ ዕለት እራት አልበላም። «የአክስቴን ፊት ገበያ መሃል አየሁት» አላት። «እዚያ እኛን የሚመስሉ ሰዎች አሉ፤ ሲዲ ይሏቸዋል። አያቶቻቸው ከሐበሻ ምድር በመርከብ መምጣታቸውን እንጂ የማን ልጅ እንደሆኑ አያውቁም።» የቀረበለትን ሳህን ገፋ አደረገው። «ቅድመ አያቴ ከወሎ ታጁራ ወደብ ድረስ የሚነግደው የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፣ ዙህራ። ሰውም ይነዳ ነበር።»

እዚያ የተዋወቃትን አስተማሪ፣ ጠሂራን፣ ፊት ለፊት ሊነግራት ጋበዛት። እሷ አውሮፕላን ላይ ሳለች ልቡ ቆመ።

አስከሬኑ ከግቢ ሲወጣ እንደ ደንቡ ተለፍፏል፦ ሐቅ ያለው ይጠይቅ፣ የተበደለ ይቅር ብሎ አውፍ ይበለው። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል» አለ። ዙህራ ያን ጊዜ የምታስበው ገና ስላልደረሰችው ሴት ነበር።

አሁን የቡርሃን እናት፣ እትዬ ካሚላ፣ ቀና አሉ።

«ዙህራ፣ ጆሮዬ አልደነቆረም። ይቺ ሴት የልጄ ምኑ ናት?»

አብዱልከሪም በሩ ላይ ቆሟል፤ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ዙህራ ተነስታ ጠሂራ ፊት በርከክ አለች። በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ የነገረቻትንም ለሴቶቹ በአማርኛ ደገመችው። ሰው እንደተነዳ፣ ባሕር እንደተሻገረ፣ የጠሂራ ወገኖች ከእነዚያ ይሁኑ አይሁኑ ማንም እንደማያውቅ፣ ቡርሃን የጠራት ይህንኑ ሊናዘዝ እንደሆነ። ምስራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አውፍ በይው» አለቻት ዙህራ በመጨረሻ።

ጠሂራ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ በዝግታ መለሰች።

«ምን አለች?» አሉ ካሚላ።

«እኔን አልበደለኝም አለች። የተሸጡትን ደግሞ ስማቸውን እንኳ አላውቅም፤ በእነሱ አፍ አውፍ ልል አልችልም አለች።»

«ይኸው» አለ አብዱልከሪም። «አዋረድሽን፤ እሱም ምሕረት አላገኘም።»

«አንተ ዝም በል» አሉ እናቱ። «እውነቷን ነው። እኔም የዚያ ቤት ልጅ ባልሆን እንኳ፣ በጋብቻ ገብቼ እንጀራውን በልቻለሁ። እኛ ባናውቅ ስማቸውን አላህ ያውቀዋል።»

ሁለት መዳፋቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ጠሂራ አንዱንም ቃል አልተረዳችም፤ እጆቹን ግን አየች፣ የራሷንም ዘረጋች። አብዱልከሪም ፊቱን ወደ ድንኳኑ መለሰ።

ዙህራም ዘረጋች። ዱዓው ሲረዝም እጇ ዛለ፣ መዳፏም ዝቅ አለ። ጠሂራ አንድ እጇን አንስታ ከሥር ደገፈችላት።