ለጨዋታ ቦታ የለንም

የከተማው ሰው ባሌን «ጀማሪው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛው ነው፤ ጓደኛ ያወጣው ስም ደግሞ በሳሙናም አይለቅም። መንገድ ላይ ሲጠሩት አይቆጣም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ይዞራል። እኔ ብሆን አፈር በበላሁ።

ምን ያልጀመረው ነገር አለ? በተጋባን ዓመት ጊታር ነበር። ከጊታሩ ጋር ፀጉሩንም አሳደገ። ፀጉሩ አደገ፣ ሙዚቃው ግን አንዲት ዜማ ላይ ቆመ፤ እሷንም ቢሆን መሀሏ ላይ ሲደርስ «ቆይ፣ ቆይ» ይልና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ቀጥሎ እርግቦች መጡ። እርግቦቹ ከሱ የተሻለ ቁም ነገር ስለነበራቸው አንድ ጠዋት ተነሥተው ጎረቤት ጣራ ላይ ሰፈሩ፤ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ካሜራ፣ ከካሜራው በኋላ ደግሞ ንብ። ስለ ንቡ ባላወራ ይሻለኛል። አንድ ዐይኔ አብጦ ተዘግቶ ደንበኛ ስለካ የዋልኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም።

የተወው ነገር ሁሉ የሚገባው የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። ጊታሩ እዚያ፣ የእርግቦቹ ሳጥን እዚያ፣ ባዶው ቀፎ እዚያ። እሱ እንደሆነ ውሃ ቢሮ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ሥራው ከምሳ በፊት ያልቅለታል። የቀረውን ቀን ሲጀምር ይውላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ የፊት ለፊቱ ክፍል ሱቄ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያና በሩ አጠገብ ወንበራቸውን የያዙ አማቴ አሉበት።

አማቴ ልጃቸውን የሚነካ ሰው አይወዱም። እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከወንበራቸው ቀና ይሉና «ተይው እሱን! የኔ ልጅ እጁ ወርቅ ነው፤ ያወቀበት ሰው ጠፋ እንጂ» ይላሉ።

«ወርቅ ከሆነማ እማማ፣ አንድ ጣቱን ሸጠን ጣራውን እናስጠግን» አልኳቸው አንድ ቀን። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚህ ቤት አንድ የማይነካ ነገር ነበር። የምሠራው እኔ ነኝ፤ የሚጫወተው እሱ ነው። በዚህ ተናድጄበታለሁ፣ ተሳድቤበታለሁ፣ ለእናቴም ለጎረቤትም አውርቼዋለሁ። ግን ልክ ልኩን ነግሬው ወደ መኪናዬ ስመለስ ወገቤ ቀና ይላል። የከተማው ሰው «እጅ ማለት የሷ እጅ ነው» ሲል ጀርባዬን የሚያሞቀኝ ያህል ደስ ይለኛል።

ታዲያ መናኸሪያው አጠገብ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ሆነና ሥራ አስኪያጁ ሱቄ መጣ። ለአስተናጋጆች ሰደርያ፣ ለወጥ ቤት ሠራተኞች ሽርጥ፣ ለጽዳት ሴቶች ቀሚስ።

«በዚች በአንድ መኪና ታደርሺዋለሽ?» አለኝ።

«ሁለተኛ መኪና አስገባለሁ። ሠራተኛም እቀጥራለሁ።»

«የት ላይ?» ብሎ ዙሪያውን ሲቃኝ ዐይኑ አማቴ ላይ አረፈ። እሳቸውም መልሰው አፈጠጡበት።

ያን ቀን ባሌ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት። የጓሮውን ክፍል እንዲለቅ ነገርኩት። ያን ሰሞን ዓሣ ማጥመድ ጀምሮ ነበር፤ ረጅም ዘንግ፣ የጎማ ቦቲ፣ ዙሪያውን መንጠቆ የተሰካበት ባርኔጣ። ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ አቅቶት ምላሱን የሚያቃጥል ሰው «ዓሣ ማለት ትዕግሥት ነው» እያለ ያስተምረኛል።

«እኔ ለሥራ ቦታ አጥቻለሁ» አልኩት። «ለጨዋታ የሚሆን ቦታ የለንም!»

«ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም፤ የቤት ቀለብ ነው።» ደረቱን ነፋ። «እሑድ ዓሣ ይዤ ካልመጣሁ ክፍሉን ውሰጂው።»

«እማማ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አማቴ። «ድስቱን አዘጋጂ።»

እሑድ ጠዋት ከፎቶ ቤቱ ጓደኛው ጋር ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ዋናውን መንገድ ይዞ ነው የመጣው። በጓሮ በኩል አቋራጭ እያለ፣ ዓሣውን በገመድ አንጠልጥሎ፣ ያየውን ሁሉ ሰላም እያለ። ባለ ፎቶ ቤቱ ከኋላው ይከተላል፤ ባሌ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል፣ ጓደኛው ግን መሬት መሬቱን ያያል። ሱቅ ገቡና ባሌ ዓሣውን አንሥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

ቋ! አለ።

ዓሣ ቋ አይልም። ተጠጋሁና በመቀሴ እጀታ መታሁት። እንደገና ቋ አለ። ጅራቱ ላይ በረዶ አለ፤ ሆዱ ስር የተጣበቀች ቁራጭ ላስቲክም አለች።

«ወንዙ ውስጥ ፍሪጅ ገባ እንዴ?» አልኩ።

ባሌ ላስቲኳን ቆንጥሮ ኪሱ ከተተ። ባለ ፎቶ ቤቱ ጣራ ጣራውን ያያል። አማቴ ብቻ ልጃቸውን አልከዱም። «የወንዙ ውሃ ቀዝቃዛ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። በዚህ ጊዜ ባለ ፎቶ ቤቱ አልቻለም፤ ሆዱን ይዞ በሩ ላይ ቁጭ አለ። ወሬው እሱ ፎቶ ቤቱ ሳይደርስ መናኸሪያ ደርሶ ነበር።

ባሌ በማግሥቱ ክፍሉን አጸዳ። ጊታሩን ለአንዱ ሰጠ፣ ሳጥኑን ለማገዶ ፈለጠ፣ ዘንጉንና ባርኔጣውን ባለ ፎቶ ቤቱ ወሰደለት። እኔ ቆሜ አየሁ። አሳዘነኝ እንድል ትጠብቁ ይሆናል፤ ደስ ነው ያለኝ። ደስታዬንም አልደበቅኩም።

ሁለተኛዋ መኪና የጓሮው ክፍል ገባች። ከሥልጠና የወጣች አንዲት ልጅ ቀጠርኩ። እጇ ፈጣን ነበር፤ መልኳ ደግሞ ከእጇ የበለጠ። ሠራተኞቹን እንድትለካ ሆቴሉ ብልካት ሥራ አስኪያጁ እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀራት። ተመልሳ የመጣችው የራሷን የደንብ ልብስ እንድለካላት ነው! ቆሽቴ አረረ። ሆቴሉ ሊከፈት ነው፣ ጨርቁ ተቆርጦ ተከምሯል፣ መኪናዋ አፏን ከፍታ ቁጭ ብላለች።

«ክር ላጠንጥንልሽ?» አለ ባሌ ከበሩ።

«አጠንጥን። ነገ ትተወዋለህ።»

አጠነጠነ። በማግሥቱ «ሽርጡ ቀጥ ያለ ስፌት አይደል?» ብሎ መኪናዋ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋ ሽርጥ እንደ ሰከረ ሰው መንገድ ግራ ቀኝ ስትል ሄደች። ለሆቴሉ አልሰጠኋትም፤ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኳት። የገባው ደንበኛ ሁሉ ያያታል፣ እኔም «የጀማሪው ሥራ ናት» እያልኩ አስተዋውቃለሁ። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። እሱ ቀና ብሎ ሽርጧን ያይና ጎንበስ ብሎ ይሰፋል።

መቼ እንደሚተወው እየጠበቅኩ ሽርጦቹ አለቁ። ቀሚሶቹ አለቁ። ዛሬ ይሰለቸዋል ስል የሰደርያ ኪስ አሳይኝ አለኝ። ነገ ይጥለዋል ስል ኮሌታ አሳይኝ አለኝ፤ አሳየሁት፣ አበላሸ፣ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ። ያቺን የጊታሩን ዜማ መሀል ላይ ደርሶ ከመጀመሪያው እንደሚጀምራት ማለት ነው፤ ኮሌታው ግን አለቀ። ሆቴሉ ተከፈተ። የሆቴሉ ሥራ ቢያልቅም እሱ ከወንበሩ አልተነሣም።

የፋርማሲዋን ባለቤት ሳላስተዋውቃችሁ አላልፍም። ይቺ ሴት የሰፋሁላትን ልብስ ሳትመልስ ወስዳ አታውቅም። ትከሻው ይስበኛል፣ ወገቡ ይለቀኛል፣ ቅምቅማቱ ያየኛል። ቅምቅማት ዐይን ኖሮት እንዴት እንደሚያያት እሷ ታውቃለች። ያን ቀን ባለ ኮሌታ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ለበሰች። መስታወቱ ፊት ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ትችቷን ለመስማት ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ።

«ምን ነካሽ ዛሬ?» አለችኝ። «እንከን የለውም እኮ! ኮሌታውን እዪው እስቲ። እስከ ዛሬ እንዲህ ሰፍተሽልኝ አታውቂም።»

«እትዬ፣ ያው እጅ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። አማቴ ቀደሙኝ።

«የሷ አይደለም! የልጄ ነው! ከመቁረጡ እስከ ቁልፉ የልጄ ነው!»

ሴትዮዋ ወደ ጓሮው ክፍል አንገቷን አሰገገች። ባሌ ስፒል በጥርሱ ይዞ ጎንበስ ብሏል፤ የተነገረውን የሰማም አይመስል። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የኔን እሱ ይስፋልኝ» አለች። «አይከፋሽም አይደል?»

«ምን ይከፋኛል እትዬ» አልኩ።

ቅናት በላኝ! ሴትዮዋ ልብሱን እንዲተኮስ ትታ እንደሄደች ቀሚሱን ገልብጬ አገላበጥኩት። ገበሩን አየሁ፣ የእጅጌውን መጋጠሚያ አየሁ፣ ክሩን በጥፍሬ ሳብኩት። አንድ የተዛነፈ ነገር፣ አንድ የላላ ክር ባገኝ እዚያው ሽርጧ ጎን እሰቅለው ነበር። አጣሁ። ኮሌታው ከኔ ኮሌታ ይበልጣል። ዕድሜዬን በሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ የተማርኩትን ነገር ከጊታርና ከእርግብ የተረፈ ሰው አገኘው። በዚህ ቤት እኔ ማን ነኝ ታዲያ?

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ሻርፔን ደርቤ ወጣሁና ቀጥ ብዬ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ዘንጉ እዚያ አለ፤ የተሣለ ሐይቅ ፊት ሰው እየያዘው ፎቶ ይነሣበታል። ባርኔጣውም አለ።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«የባሌ ነው። ይናፍቀዋል።»

ባለ ፎቶ ቤቱ አየኝ፣ ዘንጉን አየ፣ እንደገና አየኝ። ደግነቱ አልሳቀም። ዋናውን መንገድ ትቼ በጓሮ በጓሮ ተመለስኩ። ያን ዘንግ ለመደበቅ ሞክሩ እስቲ! ከኔ ቁመት ይረዝማል። የጎረቤት ልብስ ማስጫ ገመድ ያዘው፣ የአጥር እሾህ ያዘው፣ ሱቅ ስደርስ ደግሞ በሩ ላይ ተሰነቀረ።

«ቀኑ እንዴት ያምራል!» አልኩት የጓሮው ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ ሳቅ ለማለት እየሞከርኩ። «ትንሽ ወንዝ ወረድ ብትል? ጓደኛህ ዘንግህን ላከልህ። አሁንስ ደከመህ፣ ተጫወት እንጂ።»

ባሌ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ። ስፒሎቹን ከጥርሱ አውጥቶ አንድ በአንድ የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካቸው። ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ ክፍሉን አየ፦ መኪናዋን፣ የተከመረውን ጨርቅ፣ የሌላ ሰው ሰደርያ የለበሰውን መስቀያ።

«የት ልናስቀምጠው?» አለኝ። «ለጨዋታ የሚሆን ቦታ እኮ የለንም።»

ቢያሾፍብኝ በተሻለኝ። አላሾፈም። እኔ የነገርኩትን ነገር አምኖበት ነው የሚነግረኝ። ጎንበስ አለና መኪናዋን አስነሣ፤ ስፌቷ ቀጥ ብላ ሄደች።

ዘንጉን ይዤ መሀል ቤት ቆምኩ። አማቴ ከወንበራቸው ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴም እስከ ዘንጉ ጫፍ ተመለከቱኝ።

«አሁን ደግሞ አንቺ ጀመርሽ?» አሉ።